ፎርማት ከማስደረግ በፊት፦ አልከፍት ያለ ሾርትከትን ስለ መጠገን

ዴስክቶፕ ላይ ያለ አንድ ሾርትከት ሲጫኑት አልከፍት ካለ፣ ብዙ ሰው ፕሮግራሙ ጠፍቷል ወይም ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድምና ኮምፒውተሩን ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ ከዚያም ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተሰርዞ፣ ይመለሳል። ዘመድ ወዳጅ ኮምፒውተሩን እንድመለከትለት ሲጠራኝ ከሚያጋጥሙኝ ችግሮች ሁሉ፣ መፍትሔው እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ እንዲህ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል አላየሁም፤ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ያልተገለበጠ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ በፎርማት ከጠፋ በኋላ መልሶ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነውና።

ሾርትከት ራሱ ፕሮግራሙ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 95 ጋር የመጣ፣ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት የማያልፍ ትንሽ ፋይል ሲሆን፣ በውስጡ የሚይዘው ፕሮግራሙ የሚገኝበትን አድራሻ፣ ሥራ የሚጀምርበትን ፎልደር፣ የአይከኑን ምንጭና እነዚህን የመሳሰሉ መረጃዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ ሾርትከቱ ቢሰረዝ ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ሾርትከቱን በፍላሽ ገልብጦ መውሰድም ሰነዱን መውሰድ አይደለም። ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ዲፌንደር (የማይክሮሶፍት ጸረ ቫይረስ) የተሳሳተ ዝማኔ በበርካታ ድርጅቶች ኮምፒውተሮች ላይ ሾርትከቶችን ከዴስክቶፕና ከስታርት ሜኑ በሰረዘ ጊዜ፣ ፕሮግራሞቹ ግን በየቦታቸው እንዳሉ ነበሩ፤ ማይክሮሶፍትም ሾርትከቶቹን መልሶ የሚሠራ ስክሪፕት (አጭር የትእዛዞች ፋይል) አውጥቷል።

የጥገናው መጀመሪያ አድራሻውን ማንበብ ነው። ሾርትከቱ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስን ሲከፍቱ ታርጌት በሚለው መስመር ላይ ሙሉ አድራሻው ተጽፎ ያገኙታል። ዊንዶውስ ዋናው ፋይል ተዛውሯል ወይም ተለውጧል ብሎ ሾርትከቱን ላጥፋው ወይ ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ያ አድራሻ ፕሮግራሙ የት እንደነበር የሚነግርዎ ምልክት ስለሆነ እሺ ለማለት አይቸኩሉ። ዋናውን ፋይል በሌላ ፎልደር ካገኙት አዲሱን አድራሻ በታርጌት መስመር ላይ መጻፍ ይበቃል፤ አድራሻው በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ካለው በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ መግባት አለበት።

በቤት ኮምፒውተሮች ላይ ደጋግሜ የማገኘው ምክንያት የድራይቭ ፊደል፣ ማለትም ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ዲስክ የሚሰጠው መለያ ፊደል፣ መለወጥ ነው። ፕሮግራሙ የተጫነው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም በሁለተኛው ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍልፋይ) ላይ ከሆነ፣ አዲስ ዲስክ ሲሰካ ወይም ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ትናንት ኢ የነበረው ድራይቭ ዛሬ ኤፍ ሊሆን ይችላል። ቤቱ በቦታው ቆሞ የቤት ቁጥሩ ብቻ እንደተቀየረ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሾርትከቶችን አንድ በአንድ ማረም ከንቱ ድካም ነው፤ በስታርት ምልክት ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ዲስክ ማኔጅመንትን መክፈትና ለድራይቩ የቀድሞ ፊደሉን መመለስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስነሣቸዋል። የቀድሞውን ፊደል ፍላሽ ይዞት ከሆነ አስቀድሞ ፍላሹን መንቀል ያስፈልጋል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ ግን የፊደሉ መመለስ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ብዙ ፕሮግራሞች ከፊል አካላቸውን በሲ ድራይቭና በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ስለሚያስቀምጡ፣ ያን አንድ ፕሮግራም እንደገና መጫን ግድ ይሆናል።

አድራሻው ትክክል ሆኖ ፋይሉ በቦታው ከሌለ፣ ጸረ ቫይረሱ አንሥቶት እንደሆነ በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ የሚለውን ይመልከቱ። እኛ ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዘዋወሩ፣ ፈቃዳቸው የተሰበረ ፕሮግራሞች ብዙዎች ስለሆኑ ይህ አዘውትሮ ይከሰታል፤ ምንጩን በእርግጠኝነት የማያውቁትን ፋይል ሾርትከቱ እንዲሠራ ብቻ ብሎ መመለስን ፈጽሞ አልመክርም።

በተለይ በዊንዶውስ 7 ላይ፣ ሁሉም ሾርትከቶች በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው አንድ ዓይነት ፕሮግራም ብቻ የሚከፍቱበት አጋጣሚ አለ፤ ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ የጠፋ ነገር የለም። አንድ ሰው ሾርትከትን ኦፕን ዊዝ በሚለው ትእዛዝ ከሌላ ፕሮግራም ጋር አቆራኝቶት ነው። ይህ ቁርኝት የሚመዘገበው በተጠቃሚው አካውንት ውስጥ ስለሆነ፣ አዲስ አካውንት ከፍቶ ሾርትከቶቹ እዚያ መሥራት አለመሥራታቸውን በማየት ምክንያቱን ማረጋገጥ ይቻላል። ከማይክሮሶፍት ስቶር የተጫነ ፕሮግራም ደግሞ ታርጌት የሚለው መስመር ደብዝዞ ሊታይና ሊታረም የማይችል ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ በሴቲንግስ ውስጥ ከአፕስ ዝርዝር ሪፔር የሚለውን መጠቀም ይገባል። ብሮውዘሩ ሲከፈት ያልጠሩት ድረ ገጽ የሚመጣብዎ ከሆነም የታርጌቱን መስመር መጨረሻ ይመልከቱ፤ ከፕሮግራሙ ስም በኋላ የተለጠፈ የድረ ገጽ አድራሻ ካለ እሱን አጥፍተው ኮምፒውተሩን በጸረ ቫይረስ ይፈትሹ።

በፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮች በሙሉ በድንገት ወደ ሾርትከትነት ከተለወጡ ነገሩ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት ተጠቃሚ ሁሉ የሚያውቀው የሾርትከት ቫይረስ ነውና። ያን ጊዜ ሾርትከቶቹን አይጫኑ፤ አስቀድመው ኮምፒውተሩንም ፍላሹንም በታደሰ ጸረ ቫይረስ ይፈትሹ። ሰነዶቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል እንጂ፤ ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት ከኮማንድ ፕሮምፕት መስኮት ላይ አትሪብ (attrib) በተባለው ትእዛዝ የመደበቂያና የሲስተም ምልክታቸው ሲነሣላቸው ተመልሰው ይታያሉ።