የእማዬ ሬዚስታንስ

ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ኩሽና ውስጥ ተንበርክኬ፣ ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩትን ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦን በመንጋጋው አቅፎ የሚያልፍበትን ኤሌክትሪክ በአምፔር የሚለካውን መሣሪያ፣ የምጣዱን ገመድ አጎረስኩት። ዜሮ አለኝ። ምጣዱ ግሏል፣ እማዬ ጎመን ዘሩን በትና እያሰሰች ነው፤ መሣሪያው ግን እዚህ ምንም አያልፍም ባይ ሆነ። «ተበላሽቷል እንዴ?» አለችኝ ከላይ ሆና።

የተበላሸስ እኔ ነበርኩ። ገመዱ ውስጥ አንዱ ሽቦ ይወስዳል፣ ሌላው ይመልሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ካቀፍካቸው አንዱ የሌላውን ስለሚያጠፋው መሣሪያው የሚያየው ነገር የለም። ነቀልኩት፤ የውጭ ላስቲኩን በቢላ ሰንጥቄ አንዷን ሽቦ ብቻዋን ለየሁና መልሼ ሰካሁት። አሁን 20 አምፔር። ሶኬቱ ላይ ደግሞ 220 ቮልት። ሶኬቱ ላይ እችላለሁ ብሎ የተጻፈው ግን 16 አምፔር ነው፤ ባለፈው ሳምንት ቤቱን የሞላው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። እማዬ የምትጋግረው ማታ ነበር፣ ከ1 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ ምድጃውን በሚለኩስበት ሰዓት። እንጀራው ዓይን አላወጣ አላት። ይጣበቃል፣ መሃሉ ይነጣል፣ ጠርዙ ሳይነሳ ይቀራል። መጀመሪያ የተወቀሰው ጤፉ ነው። ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ፤ ቀላቅሎብኛል አለች። ከዚያ እርሾው ተቀየረ፣ አብሲቱ ወፈረ፣ ቀጠነ። በመጨረሻ የሰፈሩ ምጣድ ጠጋኝ ተጠርቶ መጣና «ሬዚስታንሱ ደክሟል፣ አጠር አድርጌ ጠንከር አደርግልሻለሁ» አላት። አደረገም። እንጀራው ተስተካከለ፤ ሰውዬው ተመረቀ።

እኔን ያስገረመኝ ሬዚስታንስ የሚለው ቃል ነው። እናቶቻችን መርካቶ ሄደው ተከራክረው የሚገዙት ጥምዝምዝ ሽቦ፣ ከጭቃው ምጣድ ሥር በቦዩ ውስጥ ተኝቶ በጀሶ የሚሸፈነው። እኔ ደግሞ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ያጠናሁት፣ መምህራችን ሰሌዳው ላይ በሚስሏት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለችው አር። ከላይ ቪ (ቮልት)፣ ከታች አይ (አምፔር) እና አር (ሬዚስታንስ፣ በኦም የሚለካው)፤ የምትፈልገውን በጣትህ ሸፍነው፣ የቀረው መልሱ ነው። ፈተናውን አለፍኩ። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ኦም የሚባለው ጀርመናዊ መምህር ሕጉን ያሳተመው በ1827 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ዘንድ የደረሰው ቅዳሜ ሌሊት።

እዚያው የዱቄት ከረጢት ጀርባ ላይ አሰላሁት። 220 ለ20 ሲካፈል 11 ኦም። 220 በ20 ሲባዛ 4,400 ዋት። ምጣዱ ሲገዛ አብሮት የመጣው ወረቀት ግን 3,500 ዋት ይላል። ያ ማለት በመጀመሪያው ሬዚስታንስ የሚስበው 16 አምፔር ገደማ፣ ኦሙም 13.8 አካባቢ ነበር። ስለዚህ ጠጋኙ ከሽቦው አንድ አምስተኛውን ቆርጦ ጥሎታል። ሲያጥር የሚብሰው ለምንድነው ብላ እማዬ ጠየቀችኝ፤ ጥያቄዋ ልክ ነው፣ ሽቦ ሲቀነስ ሙቀት የሚቀንስ ይመስላል። ሽቦው አጭር ሲሆን የሚከለክለው ያንሳል፣ ቮልቱ ደግሞ ያው ነው፣ ብዙ አምፔር ይገባል አልኳት። «እንደ ጠባብ በር» አለች። ተውኩት፣ ይሁን።

ግን ማታስ? በነጋታው ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለካሁ፤ 180 ቮልት። እዚህ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ከ220 ወደ 180 መውረድ ከአምስት አንዱ ያህል እንኳ አይሞላም፤ ዋቱ ግን ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለኦም ስለሚካፈል አወራረዱ ሌላ ነው። 180 በ180፣ ለ13.8፣ 2,350 ዋት ገደማ። ከምጣዱ ሙቀት አንድ ሦስተኛው ጠፍቷል! ጤፉ ምን ያድርግ? በአጭሩ ሬዚስታንስ ግን ማታ 2,945 ዋት ይሰጣል፤ ጠጋኙ ለምሽቱ እውነቱን ነበር። ሌሊት ሰፈሩ ተኝቶ ቮልቱ ወደ 220 ሲመለስ ነው ጉዱ። በዓል ሲደርስ እማዬ ሌሊት ተነስታ ትጋግራለች፤ ባለፈው ሳምንት ሶኬቱ የቀለጠውም እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ሽቦና ሶኬት ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ነው የሚያድገው። ይህን በ1841 እ.ኤ.አ. ያሳየው ጁል የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር፤ የእማዬን የጠላ ጋን ቢያይ ደስ ይለው ነበር። ከ16 ወደ 20 ስንሄድ የሶኬቱ ሙቀት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆኗል።

በነካ እጄ የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖልም ለካሁት። በስሌት 484 ኦም መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛውን በሜትር ብለካው 40 አካባቢ። ክሩ ሲግል ነው የሚከለክለው። የምጣዱ ሽቦ እንደሱ አይገለባበጥም፣ ቢቀዘቅዝም ቢግልም ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ባይሆን ኖሮ ከረጢቱ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ይሆን ነበር።

ማክሰኞ ሙሉ ሬዚስታንስ ገዝቼ መጣሁ። ሶኬቱም ተቀየረ፣ ለምጣዱ ብቻ ወፈር ያለ መስመር ከብሬከሩ ተዘረጋ፣ መጋገሪያውም ሌሊት 11 ሰዓት ሆነ። ዛሬ የመጀመሪያውን እንጀራ አክንባሎውን አንስታ አሳየችኝ፤ ዓይኑ እንደ ማር እንጀራ ነው።

«ታዲያ ያንን የወፍጮ ቤት ሰውዬ በከንቱ ነው የሰደብኩት?» አለች።

በከንቱ ነው አልኳት። ሰፌዱን አስጠግታ እንጀራውን አወጣችና ትንሽ አየችው።

«ቢሆንም ቀላቅሎብኛል።»