ቤልት ግራይንደር በቤት ወርክሾፕ፦ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ፍጥነቱ

ቤልት ግራይንደር፣ ማለትም እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ የሆነ ቀበቶ (ቤልት) በሞተር እየሮጠ ብረት የሚሞርድበት ማሽን፣ ለመግዛት ወይም ለማሠራት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ሊቀድም የሚገባው ቤልቱ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሮጥና ይህ ፍጥነት እንደ ሥራው ሊጨመርና ሊቀነስ መቻሉ ነው። ብረቱ በአግባቡ መቆረጡም ሆነ መቃጠሉ፣ ቤልቱ መበርከቱም ሆነ ቶሎ ማለቁ በአመዛኙ ከዚህ ይመነጫል። እኔ በግቢዬ ጥግ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የወጥ ቤት ቢላዎችን ስለምሠራ የምጽፈውም ከዚሁ ሥራ አንጻር ነው፤ በርና መስኮት ለሚሠራ በያጅ ሚዛኑ ሌላ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ የቤልቱን መጠን መወሰን ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በቢላ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ባለ 2 በ72 ኢንች ሲሆን፣ ይህም ወደ 50 በ1,830 ሚሊሜትር ይጠጋል። በአውሮፓ ደግሞ 50 በ2,000 ሚሊሜትር የሆነው በብዛት ይገኛል። ቤልቱን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ዘመድ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅምና። ስለዚህ ማሽኑን የሚያሠራ ሰው የፊተኛውን ክንድ ተንሸራታች አድርጎ ቢያሠራው ሁለቱንም መጠቀም ይችላል። ቤልቱ ሄዶ የሚመለስ በመሆኑ የ170 ሚሊሜትሩ የርዝመት ልዩነት በክንዱ ላይ የሚጠይቀው 85 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው።

ፍጥነቱን ማስላት ከባድ አይደለም። በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገጠመው፣ ቤልቱን የሚያዞረው ክብ (ፑሌጃ) ዲያሜትር በ3.14 ተባዝቶ፣ ውጤቱ ሞተሩ በደቂቃ በሚዞረው ዙር ሲባዛ ቤልቱ በደቂቃ የሚሄደው ርቀት ይገኛል። በደቂቃ 2,800 ዙር ገደማ የሚዞር ባለ ሁለት ፖል ሞተር 150 ሚሊሜትር ፑሌጃ ቢገጠምለት ቤልቱ በሰከንድ 22 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ያው ፑሌጃ 1,400 ዙር ባለው ባለ አራት ፖል ሞተር ላይ ግን 11 ሜትር ብቻ ይሰጣል። የመጀመሪያው ፍጥነት ባሌስትራን በሻካራ ቤልት ቅርጽ ለማስያዝ ተስማሚ ነው፤ ቀጭን ስለት ለማጠናቀቅ ግን እጅግ ይበዛል። ለሁለቱም የሚሆን ማሽን የሚገኘው ፍጥነቱን መለዋወጥ ሲቻል ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው ቪኤፍዲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ የቤቱን ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ተቀብሎ ለሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ያወጣል፤ ከ50 ኸርዝ ወደ 15 ኸርዝ ዝቅ ሲደረግም ከላይ የጠቀስኩት የ22 ሜትር ፍጥነት ከ7 ሜትር በታች ይሆናል። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች መጤን አለባቸው። መቆጣጠሪያው የሚያወጣው 220 ቮልት ስለሆነ፣ በሰሌዳው ላይ 230/400 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር ከሁለቱ የሽቦ አያያዝ ዓይነቶች በስታር ሳይሆን በዴልታ መታሰር አለበት፤ ያለዚያ ጉልበቱ በእጅጉ ይቀንሳል። በሞተሩና በመቆጣጠሪያው መካከል ማብሪያና ማጥፊያ አይገባም፤ ማስነሳትና ማቆም የሚከናወነው በመቆጣጠሪያው የትእዛዝ መስመሮች በኩል ነው። ሦስተኛውና ለእኛ ሰፈር ዋነኛው ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ መቆጣጠሪያውን አስቀድሞ ማስተካከል ነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ቤልቱን ለመቀየር ወይም መደገፊያውን ለመጥረግ እጁን ያስገባልና፣ ይህ ማስተካከያ ለሌላ ቀን የሚተው አይደለም። ከዚህ ሌላ ባለ 1.5 ኪሎዋት ማሽን ከ10 አምፔር በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ ኧርዝ ሊኖረው ይገባል፤ ይህንንም ኤሌክትሪሽያን ቢሠራው ይመረጣል። የብረት ብናኝ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መቆጣጠሪያውን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ብልጭታ ከማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥም ግድ ነው።

ፑሌጃዎቹን ቶርኖ ቤት ሲያሠሩ የመሐሉ ቀዳዳና የውጭው ክብ ብረቱ ከመንጋጋው ሳይፈታ በአንድ አያያዝ እንዲወጣ መጠየቅ ይገባል። ተፈትቶ እንደገና የታሰረ ብረት መሐሉን ስለሚስት፣ ማሽኑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡም በቢላው ገጽ ላይ እንደ ሞገድ ታትሞ ይቀራል። አቅጣጫ የሚያስይዘው የላይኛው ፑሌጃ መሐሉ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ መሆን አለበት፤ የሚሮጥ ቤልት ወደ ከፍተኛው ቦታ የመውጣት ጠባይ ስላለው በጉብታው ላይ ራሱን ያስተካክላል። ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ሲባጎ ወጥሮ ማየት ይበቃል። ቤልቱ ከገባ በኋላ በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በዝቅተኛ ፍጥነት እየዞረ የላይኛውን ፑሌጃ የሚያጋድለው ቡሎን በትንሽ በትንሹ ይስተካከላል፤ ሙሉ ፍጥነት የሚሰጠው ቤልቱ ወደ ጎን መንሸራተቱን ካቆመ ብቻ ነው። በቤልቱ ጀርባ ላይ ቀስት ካለ አቅጣጫው ይከበር፤ ከፊት ያለው የቤልቱ ወገን ደግሞ ወደ ታች መሮጥ አለበት፤ ብልጭታው ከሥር በተቀመጠው የውሃ ባልዲ ውስጥ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። የዕቃ ማሳረፊያው ወደ ቤልቱ እስከ 2 ሚሊሜትር ድረስ ይጠጋ፤ ክፍተቱ ከሰፋ ቀጭን ብረት ተስቦ ይገባል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ቅርጽ ለማስያዝ በ36 ወይም በ60 ቁጥር ሴራሚክ ቤልት (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቤልቱ ይሻክራል) መጀመር ይሻላል። ሴራሚክ ቅንጣቶቹ ተሰባብረው አዲስ ስለት እንዲያወጡ ፍጥነትና ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋል፤ በፍርሃት ዳሰስ ዳሰስ ብቻ ከተደረገ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ቤልት መቁረጡን ትቶ ስለሚያሽ ሙቀት እንጂ ሥራ አያመርትም፤ ዋጋው ቢያሳዝንም ከሻካራ ሥራ መሰናበት አለበት። ከዚያ 120፣ 220 እያሉ ሲሄዱ በየደረጃው የቢላውን አያያዝ ሰያፍ ማድረግ ይጠቅማል፤ የቀደመው ቁጥር ጭረት ከአዲሱ ጋር ስለሚሻገር ያልጠፋው በግልጽ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ሙቀት ነው። ባሌስትራ ግሎ በድንገት ቀዝቅዞ ከጠነከረ በኋላ ተሰባሪነቱን ለመቀነስ በ200 ዲግሪ ገደማ እንደገና ይሞቃል፤ በግራይንደሩ ላይ ከዚያ ካለፈ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ክፍል ለስላሳ ሆኗልና ቀለሙን መጥረግ ጥንካሬውን አይመልሰውም። ስለዚህ ከመጠንከሩ በፊት የስለቱን ጠርዝ 1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አስቀርቶ፣ የቀረውን ከጠነከረ በኋላ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በአዲስ ቤልትና በባዶ እጅ መጨረስ ይሻላል። ጣት ያልቻለውን ስለቱም አይወደውም፤ በየምልልሱ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። በስለቱ ላይ የቀረው የውሃ ጠብታ መፍላት ከጀመረ መቆም ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ጠብታው ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ ቀደም ብሎ ያስጠነቅቀናል። የደጋ ሰው ከከፍታው የሚያገኘው ጥቅም ይህ ነው።

ባዶ እጅ ያልኩት በሌላም ምክንያት ነው፤ ጓንት በሚሮጥ ቤልት ከተያዘ ጣትን ይዞ ይገባል። የተንዘረፈፈ ልብስ፣ ሻርፕና ያልታሰረ ፀጉርም እንዲሁ ናቸው። መነጽርና የጆሮ መከላከያ የሚያከራክሩ አይደሉም፤ ጭንብሉ ግን ተራ የጨርቅ መሆን የለበትም፤ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያስፈልጋል። በተለይ የበሬ ቀንድ ለእጀታ ሲሞረድ ሽታው ብቻውን በቂ ማሳሰቢያ ነው። የአሉሚኒየም ብናኝ በተከማቸበት ቦታ ብረት መፈግፈግ ከባድ አደጋ አለው፤ ከብረት የሚወጣው ብልጭታ ያንን ብናኝ ሊያቀጣጥለው ይችላል። የእንጨት ዱቄትም እንዲሁ በእሳት ይያያዛልና ከሥራ ለውጥ በፊት ክፍሉና ማሽኑ ይጠረጉ። የጋልቫናይዝድ ላሜራን ደግሞ እኔ ወደ ክፍሌ ጨርሶ አላስገባም።

በክረምት ቤልቶች ርጥበት ስለሚስቡ ይጠቀለላሉ፤ መገጣጠሚያቸውን የያዘው ሙጫም ይዳከማል። ከሲሚንቶ ወለልና ከቆርቆሮ ግድግዳ ራቅ አድርጎ፣ ወፈር ባለ ቧንቧ ላይ ሳያጥፉ መስቀል ይሻላል። ከመግጠም በፊት መገጣጠሚያውን በጣት መመርመር ያስፈልጋል፤ መላቀቅ የጀመረው ወደ ማሽኑ አይመለስም፤ ተቆርጦ በእንጨት ቁራጭ ላይ ተጠቅልሎ እጀታ ለማለስለስ ይውላል።