ከአስፋልት ራሊ በፊት

ዛሬ አዳማ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ከልጆቹ ጋር የአስፋልት ራሊ (በአስፋልት መንገድ ላይ የሚካሄድ የመኪና ውድድር) ወሬ ያዝን። "ማን ይበላል?" ይላሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የአየርላንዱ የራሊ ሾፌር ክሬግ ብሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የክሮኤሺያ ራሊ ሳምንት ሲቀረው፣ ሙከራ ላይ እያለ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሞተ። አብሮት መኪናው ውስጥ የነበረው ረዳት ሾፌሩ ጄምስ ፉልተን ተረፈ። እስካሁን ያመኛል። ውድድሩ እንኳን አልተጀመረም ነበር!

ስለ አሸናፊ ከጠየቃችሁኝ የመነሻ ተራውን (መኪኖቹ አንድ በአንድ የሚነሱበትን ቅደም ተከተል) እዩ። አስፋልት ላይ ቀድሞ የሚነሳ ንጹሕ መንገድ ያገኛል። ከፊት የሄዱት መኪኖች ኩርባ በቆረጡ ቁጥር ጎማቸው አፈርና ጠጠር ወደ አስፋልቱ ያወጣል። ከኋላ የሚመጣው እዚያ ላይ ይንሸራተታል። ፒስታ (አስፋልት ያልሆነ የጠጠር መንገድ) ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የፊተኛው ለሌሎቹ መንገድ ይጠርጋል። ሾፌሩ ኦዢዬ እ.ኤ.አ. በ2021 ክሮኤሺያ ራሊ ላይ ተፎካካሪውን ኢቫንስን የቀደመው በ0.6 ሰከንድ ብቻ ነበር። አንድ የቆሸሸ ኩርባ ከዚያ በላይ ይበላል።