ቂምን ከዣን ቫልዣ ተምሮ መተው፣ ዕርቁ ወረቀት ላይ የሚበላሽበት ቦታም

በልቦለድ ሰው ጠባይን ማረም ይቻላል። እኔ ያረምኩት ቂመኝነቴን ነው። የተማርኩትም ከዣን ቫልዣ፣ ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1862 ካሳተመውና እኛ «ምንዱባን» ብለን ከምናውቀው መጽሐፍ ባለታሪክ ነው። ንባቡም ልምምዱም ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መጨረሻ ላይ፣ ጸቡ ወደ ዕርቅ ወረቀት ሲገባ ነው። እዚያ ላይ ቀድሞ «ተጠንቀቅ» የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ስለዚህ ሌላውን በአጭሩ፣ ያንን ግን በዝርዝር እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ምርጫው። ደሴም ኮምቦልቻም የሚሰጡት የስብዕና ግንባታ ሥልጠናዎች መመሪያቸው አንድ ነው፦ ጀግናህን ምረጥ፣ መልካም ባሕርያቱን ዘርዝር፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመህ «እኔም እንደሱ ነኝ» በል። ይህን አትከተሉ። «ይቅር ባይ ነው» ብሎ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ የተጣላችሁት ሰው ነገ ሸዋ በር ላይ ፊት ለፊት ሲመጣ ምን እንደምትሉት አይነግራችሁም። የሚቀዳው ድርጊት ነው። ደግሞ እንከን የሌለበት ጀግና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባለታሪኩ የእኔው ጉድለት ያለበት፣ ልለወጥ ካለ በኋላ እንደገና የወደቀ፣ ለለውጡም ዋጋ የከፈለ መሆን አለበት። (ቅዱሳንና ነቢያት ሌላ ናቸው፤ እነሱን በዚህ ሚዛን አላስቀምጥም።)

ዣን ቫልዣ ይህን ሁሉ ያሟላል። ለተራቡ የእህቱ ልጆች ዳቦ ሲሰርቅ ተይዞ 5 ዓመት ተፈረደበት፤ ሊያመልጥ በሞከረ ቁጥር እየተጨመረበት 19 ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ሰውን ሁሉ ይጠላል። ያሳደሩትን ጳጳስ የብር ዕቃ ሰርቆ ሲያዝ ጳጳሱ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው ሁለቱን የብር መቅረዞች ጨመሩለት። አብዛኛው አንባቢ «እዚህ ላይ ተለወጠ» ብሎ ያልፋል። ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። ፔቲ ዤርቬ የሚባል ልጅ ሳንቲሞቹን ወደ ላይ እየወረወረና እየቀለበ ሲያልፍ፣ አርባ ሱ (የዱሮ የፈረንሳይ ገንዘብ) የሚያወጣው ሳንቲም ያመልጠውና ተንከባሎ ቫልዣ ዘንድ ይደርሳል። ቫልዣ እግሩን ይጭንበታል። ልጁ ይለምናል፣ ያንን ከባድ ጫማ ለማንቀሳቀስ ይታገላል፣ በመጨረሻም እያለቀሰ ይሸሻል። ቫልዣ ሳንቲሙን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ያኔ ይባንንና የልጁን ስም እየተጣራ ይሮጣል፤ አያገኘውም። መንገድ ላይ ላገኘው ቄስ ለድሆች የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።

መጽሐፉን ሳነብ የማምነው ይህን ገጽ ነው። ከመቅረዞቹ በኋላ ሌባነቱ እጁ ላይ ገና አልሞተም ነበር። እናንተም ይቅር ባላችሁ ሰሞን አንድ ትንሽ ክፋት ከእናንተ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሐሜት ነው። ያኔ «አልተለወጥኩም» ብላችሁ ሁሉን አትተዉት። በዚያው ቀን ወደ ሰማችሁ ሰው ተመለሱና «ስለ እገሌ ያልኩትን አንስቼዋለሁ» በሉት። ማደር የለበትም፤ ካደረ አፍ ለአፍ ዞሮ ባለቤቱ ጋ ይደርሳል።

አነባበቡ ደብተር ይፈልጋል። በግራ ገጽ ባለታሪኩ ያደረገውን፣ በቀኝ ገጽ እኔ በዚያ ቦታ የማደርገውን እጽፋለሁ። በግራ በኩል ግስ ብቻ ነው የሚገባው፦ ቆረጠ፣ ተኮሰ፣ ነገረው። «ደግ»፣ «ታጋሽ»፣ «ታላቅ» የሚሉትን ቃላት አላስገባም፤ እነሱ ሲገቡ ማድነቅ ይጀመርና ሥራው ይቆማል።

ለቂም የሚሆነው ትዕይንት እ.ኤ.አ. በ1832 በተነሳው የፓሪስ አመፅ ውስጥ ያለው ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያሳድደው የኖረው ኢንስፔክተር ዣቬር በአመፀኞቹ እጅ ታስሯል፤ ሊገደል ነው። ቫልዣ «ለእኔ ስጡኝ» ብሎ ይወስደዋል። ወደ ጠባቡ መንገድ ያገባዋል፤ ቢላ አውጥቶ የአንገቱን፣ የእጁን፣ የእግሩን ገመድ ይቆርጣል። «ነፃ ነህ» ይለዋል። ቀጥሎ ደግሞ ከዚህ ከተረፈ በምን ስም፣ በየትኛው መንገድ፣ ስንት ቁጥር ቤት እንደሚያገኘው ይነግረዋል። ዣቬር ሲሄድ ሽጉጡን ወደ ሰማይ ተኩሶ ይመለስና «አለቀ» ይላል።

ያልተደረገውን ተመልከቱ። መተቃቀፍ የለም። የይቅርታ ንግግር የለም። ምስጋና አልተጠየቀም፤ ዣቬርም አላመሰገነም፣ ይልቁንስ «ብትገድለኝ ይሻለኝ ነበር» ነው ያለው። አድራሻው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ቫልዣ ጥላቻውን ጣለ፤ በሕግ ፊት የሚጠየቅበትን ነገር ግን አልጣለም፣ «እዚያ ታገኘኛለህ» አለ። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ይህ ልዩነት የገባው ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል፤ በኋላ ቢሮ ውስጥ የሚደፈጥጡባችሁም ይህንኑ ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ ድርጊቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቀድሞ ሰላም ማለት፤ የተጣላችሁበትን ነገር ካለፈው ታሪክ ጋር ሳታያይዙ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር፤ ስለቀረው ጉዳይ መቼና የት እንደምትገኙ መንገር፤ መለያየት። መጀመሪያ ትንንሽ ቂሞች ላይ ተለማመዱ፦ መልስ ያልመለሰ የታክሲ ረዳት፣ ሚዛን ያጎደለ ባለሱቅ። ትልቁን አስቀድሞ መንካት ያበላሻል፣ ምክንያቱም ገና ድምፃችሁ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ደግሞ ለሌላው ሰው ማስፈራሪያ ይመስላል። ቦታውንም ምረጡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ብትቀመጡ እንኳ እዚያ አትጀምሩ፤ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ማንም ተነስቶ መሄድ አይችልም፣ መሄጃ ያጣ ሰው ደግሞ ይቆጣል። ሁለታችሁም በፈለጋችሁ ጊዜ ዞር የምትሉበት ቦታ ይሁን።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

የእኔ ጉዳይ የጎርፍ ቦይ ነው። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የላይኛው ጎረቤት ቦዩን ካዞረ የክረምት ውሃ የታችኛው ሰው ግቢ ውስጥ ያድራል። ቂሙን ጣልኩ፤ ሰላምታውም ተመለሰ። ቦዩ ግን እንደዞረ ነበር፤ አቤቱታውም አንድ ጽሕፈት ቤት ተከፍቶ ተቀምጧል። እንግዲህ ዕርቁ እዚያ ይጻፍ ተባለ።

ያገኘነው ሠራተኛ ዕርቅ ማለት ፋይል መዝጋት ነው ብሎ ያምናል። የተዘጋጀ ቅጽ አወጣ፤ «በመካከላችን የነበረውን አለመግባባት በሰላም ፈትተናል» ይላል፣ ከሥር የስምና የፊርማ ቦታ። ቦዩ የሚጻፍበት መስመር የለም። ስለ ቦዩ ስጠይቅ «ይቅር ካልክ ስለ ቦይ ምን ታነሳለህ? ቂመኛ ነህ ማለት ነው» አለኝ፣ በሽማግሌዎች ፊት። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ቂሙን ለመተው የለፋን ሰው ይዞ በዚያው ቃል አፉን መዝጋት ነው። ወረቀቱም ያለ ቦዩ ተጽፎ ማኅተም ተመታበት። ክረምቱ ሲገባ ውሃው እንደ ልማዱ በጓሮ ገባ፣ ቂሙም አብሮት ሊገባ ደረሰ።

ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነው። የወሎ ሽማግሌዎች ወጉን በደንብ ያውቁታል፦ ሁለቱም ወገን ይሰማል፣ እውነቱ ይወጣል፣ ካሳው ወይም የሚስተካከለው ነገር ይቆረጣል፣ ይቅርታ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ቢሮው መጨረሻውን መጀመሪያ አደረገው። ሕጉም ቢሆን እንዲህ አይልም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3307 ዕርቅን የሚገልጸው ተዋዋዮቹ አንዱ ለሌላው አንዳንድ ነገር እየተዉ ክርክርን የሚጨርሱበት ውል አድርጎ ነው። ውል ከሆነ ደግሞ ማን ምን እንደሚያደርግ ሊጻፍበት ይገባል።

ስለዚህ ቅጹን አትጠብቁ፤ ወረቀቱን ራሳችሁ አጽፋችሁ ሂዱ። ከዚያ በፊት ከጎረቤታችሁ ጋር ቦታው ላይ ቆማችሁ በሜትር ለኩ፤ ቢሮ ውስጥ ልኬት መከራከሪያ ይሆናል፣ ቦታው ላይ ግን ገመዱ ሁለታችሁም እጅ ውስጥ ነው። የሚጻፈው ቦዩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚወጣ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ በሴንቲ ሜትር፣ ድንጋዩንና ሲሚንቶውን ማን እንደሚያቀርብ፣ የጉልበቱን ማን እንደሚከፍል፣ የሚያልቅበት ቀን ነው። ቀኑ ከሰኔ አጋማሽ አይለፍ፤ ዝናቡ ከጠነከረ በኋላ የተቆፈረ ቦይ ይናዳል። «በቀኑ ካልተሠራ አቤቱታው ካለበት ይቀጥላል» የሚለውን መስመር አትርሱ፤ የቫልዣ አድራሻ ማለት እሱ ነው። በሦስት ቅጂ፣ ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ፈርመውበት ይሁን። ሠራተኛው «ይሄ አያስፈልግም» ካለ እናንተ አትከራከሩ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይናገር። እኔን ያልሰማ ሰው ለጋቢ ለባሽ ተነስቶ ማኅተሙን መታ። እንዲህ መሆን አልነበረበትም፣ ግን ሆኗል።

ከቫልዣ የማትወስዱት ነገርም አለ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለፈ ታሪኩ እንደ ልጁ ያሳደጋትን ኮዜትን እንዳይነካት ብሎ ቀስ በቀስ ከቤቷ ይርቃል፤ ራሱን እየቀጣ ብቻውን ይከሳል፣ ልጅቷም የምትደርስለት ሊሞት ሲል ነው። ሲነበብ ያስለቅሳል፤ ለኑሮ ግን አይሆንም። ይቅር ብላችሁ ስታበቁ ከሰርግና ከለቅሶ ራሳችሁን አታርቁ። ዕድርም ቢሆን ሂዱ፤ የታረቃችሁት ሰው አጠገብ ቦታ ካለ እዚያ ተቀመጡ።

ጉድለታችሁ ቂም ሳይሆን ቅናት ከሆነ ይኸው መጽሐፍ ይበቃል። ቫልዣ የኮዜትን ፍቅረኛ፣ ቁስለኛውን ማሪዩስን ተሸክሞ በፓሪስ የፍሳሽ ቦይ የሚያልፍበትን ክፍል ውሰዱ። ኮዜት ለማሪዩስ የጻፈችው ደብዳቤ ቀለም መምጠጫው ላይ ተገልብጦ ታትሞ ቫልዣ በመስታወት የሚያነብበትን ገጽ ግን አስቀድማችሁ አንብቡ። እዚያ ማሪዩስን ምን ያህል እንደጠላው ካላያችሁ፣ የተሸከመው ሸክም ክብደቱ አይታወቃችሁም። ለይሉኝታ ደግሞ ቫልዣ አይረዳችሁም፤ እሱ ስሙን እየለወጠ የኖረ ሰው ነው። ለዚያ ከሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሣን ያዙ፣ ያሰበውን ለገዛ ዘመዶቹ ፊት ለፊት የሚናገርባቸውን ገጾች እየመረጣችሁ፣ ደብተሩ በዚያው በግራና በቀኝ ተከፍሎ።