የማይስማማውስ?

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! አገር ቤት ያላችሁ ወዳጆቼ፣ አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች በራችሁን ሲያንኳኩ ደጅ አታቁሟቸው፤ እስከ መጨረሻው ያዚሙላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ፣ ከሥራ ገብታችሁ ወጡን ስታማስሉ እስኪደርስ አንተኛም የሚሉ ልጆች ይኑሯችሁ።

እኛ ቤት ዘንድሮ ወጡን የቀመሰልኝ የለም። እናቴ በግንቦት ዐርፋለች። ብዙዎቻችሁ ቀብሯ ላይ ቆማችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

እናቴ እንቁጣጣሽን ሁለት ጊዜ ነበር የምታከብረው። አንዱን ከሁላችን ጋር፣ ሁለተኛውን መስከረም 7 ቀን፣ አሜሪካኖች ሕገ መንግሥታቸው የተፈረመበትን ዕለት በሚያስቡበት ቀን። ለምን እንደሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ልንገራችሁ።

በ1978 ዓ.ም.፣ በደርግ ዘመን፣ የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት ረቂቅ ለውይይት ሲወጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበረች። ቀበሌ ተጠርተው አንቀጽ በአንቀጽ ተነበበላቸው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ተባለ። እሷም ነበራት፦ «በዚህ የማይስማማ ሰውስ ምን ይሆናል?» እጇ ከነጠላዋ ሥር ብቅ ሊል ሲል፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ጉልበቷን ጫን አደረጉት። ዝም አለች። በቀጣዩ ዓመት ጥር 24 ቀን ሄዳ ድምፅ ሰጠች፤ መጣች። ሴትዮዋን አልተቀየመቻቸውም፤ «ለሕይወቴ ፈርተውልኝ ነው» ትል ነበር። ጥያቄዋን ግን አልረሳችውም።

በ1991 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷት መጣች። እንግሊዝኛውን ስለፈራችው የዜግነት ፈተናውን 15 ዓመት አቆየችው። 55 ዓመት የሞላውና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው በገዛ ቋንቋው መፈተን እንደሚችል ስትሰማ ግን በማግሥቱ ቅጹን አስሞላችኝ። ያኔ የሚጠናው ጥያቄ 100 ነበር። ማታ ማታ ወጥ ቤት ተቀምጠን እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላት ምንድን ናቸው? «እኛ ሕዝቡ» አለችና በጣቷ ቆጠረች። «ሁለት ነው እኮ! ሦስተኛውን የት አደረሱት?» ሳቃችን ጎረቤት ቀሰቀሰ።

ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «እኛ የሚሉት ማንን ነው? ጥቁሩም አለበት?» አልነበረበትም። ሰነዱ ባሪያ የሚለውን ቃል እንኳ ሳይጠራ፣ የውክልና ቁጥር ሲሠራ ባሪያው ከአምስት ሦስት እጅ ሆኖ እንዲቆጠር አደረገ። ባርነት እንዲቀር አገሩ እርስ በርሱ ተዋግቶ፣ 13ኛው ማሻሻያ በ1865 እ.ኤ.አ. መጽደቅ ነበረበት። ሴቶች በአገሪቱ ሁሉ እንዲመርጡ ደግሞ እስከ 1920። ይህን ሁሉ አዳምጣ ስታበቃ፣ ከቀበሌው አዳራሽ ይዛው የመጣችውን ጥያቄ አወጣችው። «እሺ፣ የማይስማማውስ?»

እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። በ1787 ክረምት ፊላደልፊያ ላይ 55 ተወካዮች ተገኝተው ነበር፤ መስኮት ዘግተው፣ በዚያ ሙቀት፣ በምስጢር ነው የመከሩት። በመጨረሻው ቀን 39 ስሞች ሰፈሩ። ሦስት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው አንፈርምም አሉ፦ ጆርጅ ሜሰን፣ ኤድመንድ ራንዶልፍ፣ ኤልብሪጅ ጌሪ። ሜሰን የሕዝቡ መብት ተዘርዝሮ አልተጻፈበትም አለ፤ ከዚያ በፊትም ከምፈርም ቀኝ እጄን ብቆርጥ ይሻለኛል እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

«ምን አደረጉት?» አለችኝ ጠዋት፣ ቡናዋን እንደያዘች።

ቤቱ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ቨርጂኒያ ላይ ሰነዱ ለማጽደቅ ሲቀርብ እንደገና ተነሥቶ ተቃወመ። ራንዶልፍ በፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ዘመን የመጀመሪያው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ ጌሪ ኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት። ሜሰን የጠየቀው የመብቶች ዝርዝር ደግሞ ዐሥር ማሻሻያ ሆኖ በ1791 ጸደቀ፤ እሱ በቀጣዩ ዓመት ሞተ።

እናቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቤቱን አሳዪኝ» አለችኝ።

ቤቱ ጋንስተን ሆል ይባላል፤ እዚሁ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ፖቶማክ ዳር ነው። እዚያ ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቀችው ባሪያዎቹ የት ያድሩ እንደነበር ነው። ሜሰን ስለ ነጻነት የጻፈ፣ የባሪያ ንግድን ያወገዘ ሰው ነው፤ የራሱን ባሪያዎች ግን ነጻ አላወጣም። ያንንም ይህንንም አንድ ላይ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም 7 ወስጃታለሁ።

ለፈተናው የታክሲ ሥራህን ትተህ ያስተረጎምክላት ወንድሜ፣ ገንዘብ አልቀበልም ያልከውን አልረሳሁም። ለማለፍ የሚበቃትን ስድስት ጥያቄ ተራ በተራ ስትመልስ ከእሷ በላይ አንተ ነበርክ ያላብህ። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት አጥሚቱን ያለማቋረጥ ያመጡላት፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የዕድራችን ሰዎች፣ አስከሬኑን አገር ቤት ልላክ አልላክ ብዬ ስወላውል ሌሊቱን አብራችሁኝ ተቀምጣችኋል።

አንቺ ደግሞ ስምሽን አልጠራም፤ ታውቂዋለሽ። ጦርነቱ ሲጀመር በስልክ የተናገርኩሽን ቃል ያኔም ሲቆጨኝ ነበር፣ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ ሰርግ ላይ ስንገናኝ ፊቴን ሳዞርብሽ እናቴ ታየኝ ነበር። እሷ ተደብቃ ትደውልልሽ እንደነበር የሰማሁት ሆስፒታል ተኝታ ነው። «ያልፈረመውን ሰውዬ ቤት ድረስ ሄደን አየን» አለችኝ፣ «የራስሽን ጓደኛ ግን ከቤትሽ አስወጣሽ።» ለልቅሶው መጣሽ። ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ስትደረድሪ፣ ሳህን ስታጥቢ ዋልሽ፤ አንድም ቃል አላነሣሽብኝም።

ለአገሬ የምመኘውም ከዚህ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል፣ አይነካ፣ ከሥሩ ይቀየር የሚለው ክርክር በየቤታችን ገብቷል። እኔም የራሴ አቋም አለኝ። የምለምነው ግን፣ በየትኛውም አዳራሽ እጇን ልታወጣ ያለች ወጣት ጉልበቷን የሚጫን ሰው ከጎኗ እንዳያስፈልጋት ነው።

መስከረም 7 ቀን ረፋዱ ላይ ወደ ጋንስተን ሆል እነዳለሁ። ከጎኔ ያለው መቀመጫ የእናቴ ነበር። ጓደኛዬ፣ አሁንም አልስማማሽም፤ አንቺም አትስማሚኝም። ቡናውን በፔርሙዝ እይዛለሁ፤ አራት ሰዓት ላይ በርሽ ላይ ነኝ።