ወንዙ ቦታ ቢቀይርስ?

የእህቴን ልጅ ማታ ጂኦግራፊ ሳስጠናት፣ «አጎቴ፣ ወንዝ ድንበር ከሆነ ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ዳሩ ላይ ነው መሐሉ?» አለችኝ። መርከብ በሚሄድበት ወንዝ ብዙውን ጊዜ ጥልቁን መስመር ይከተላል አልኳት። ወዲያው «ወንዙ ቦታ ቢቀይርስ?» አለች። አልፈረድኩባትም፤ የድሬ ልጅ ናት። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ በጋውን አሸዋ ሆኖ ከርሞ፣ ደጋው ላይ በዘነበ ሌሊት ግንድ እያንከባለለ ሲመጣ እያየች ነው ያደገችው። ወንዝ አርፎ ይቀመጣል ብላ አታምንም።

ጥያቄዋ አገር ያጣላ ነው። ሪዮ ግራንዴ አሜሪካንና ሜክሲኮን ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1864 ጎርፍ መጣና ኤል ፓሶ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ አጠገብ ወንዙ ወደ ደቡብ ሸሸ። ቻሚዛል የሚባለው የሜክሲኮ መሬት በአሜሪካ በኩል ቀረ። ሕጉ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ወንዝ ዳሩን ቀስ በቀስ እየበላ ከሄደ ድንበሩም አብሮት ይሄዳል፤ ድንገት ዘሎ አዲስ መንገድ ከያዘ ግን ድንበሩ አሮጌው ቦይ ላይ ይቀራል። ታዲያ ሪዮ ግራንዴ ሄደ ወይስ ዘለለ? በ1911 ገላጋዮች መሬቱን ለሁለቱም ከፈሉት፤ አሜሪካ አልቀበልም አለች። አብዛኛው መሬት ለሜክሲኮ የሚመለስበት ስምምነት የተፈረመው በ1963 ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የኤል ፓሶ ነዋሪዎች ከቤታቸው ተነሡ፤ ወንዙም ዳግም እንዳይሸሽ በኮንክሪት ቦይ ታሰረ።

እኛም ደቻቱን በግንብ ይዘነዋል፤ ግን ለድንበር ብለን አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ1998 ክረምት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። የከተማችንን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይኸው ወንዝ ቢሆንም፣ ለመሻገር መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ዳዋ ነው። (ስሙ ያሳስታል እንጂ በከተማችን አያልፍም፤ ከዚህ በጣም ሩቅ፣ ደቡብ ነው።) መጀመሪያ ከኬንያ፣ ዝቅ ብሎ ከሶማሊያ ጋር ያዋስነናል። ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል። በበጋ ውሃው ይጎድላል፤ ያኔ ድንበር የተባለው ነገር አሸዋ ነው፤ ከብቱም ሰውም በእግሩ ይሻገረዋል። በወዲያና በወዲህ ያሉት ሰዎች በቋንቋም በዘርም አንድ ናቸው። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ግመሉ ውሃ የሚጠጣው በየትኛው ዳር እንደሆነ የጠየቁ አይመስለኝም።