የእንጨቷ ሞስኪቶ፦ የግራው ግማሽ ከፎርማው ወጣ

ሰላም ወዳጆች። በካርቶን የምሠራት የአውሮፕላን ሞዴል፣ ሞስኪቶዋ፣ የት ደረሰች ላላችሁኝ፣ የግራው ግማሽ ገላ ትናንት ማታ ሳይሰነጠቅ ከፎርማው (ቅርጽ ከሚያወጣው መሠሪያ) ወጥቷል።

ለአዲሶቹ፦ ዴ ሃቪላንድ ሞስኪቶ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሯት ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ናት፣ ያውም ከእንጨት። መከላከያ መትረየስ የሌላት፣ ፍጥነቷን ብቻ የተማመነች ቦምብ ጣይ ስትባል ብዙ ሹማምንት ሳቁ። ዊልፍሪድ ፍሪማን የሚባለው የአየር ኃይል ሹም ግን ሙጭጭ አለ፣ «የፍሪማን ቂልነት» እስኪሏት ድረስ። እ.ኤ.አ. በማርች 1940 ሃምሳ ታዘዙ፣ ኖቬምበር 25 ደግሞ የመጀመሪያዋ የሙከራ አውሮፕላን፣ ደብልዩ 4050፣ ከሃትፊልድ አውሮፕላን ሜዳ ተነሳች። እኔ የምሠራው እሷን ነው፣ ቢጫዋን።

አሁን ወደ ሥራው። የእውነተኛዋ ገላ ግራና ቀኝ ተብሎ ለየብቻ ነው የተሠራው፦ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ መሃል ላይ ባልሳ፣ ከላይ እንደገና ኮምፔንሳቶ፣ ሁሉም በሙጫ ፎርማ ላይ ተጠፍሮ። እኔ ባልሳ ስላላገኘሁ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ስስ ፎም በሁለት ካርቶን መሃል አስገባሁ፣ ኮላ ቀባሁ፣ ከብስክሌት ካላማዳሪያ በቆረጥኩት ጎማ ጥፍር አድርጌ አሰርኩና አሳደርኩት። ሲወጣ በጣት ብትጫኑት ንቅንቅ አይልም! እውነተኛዋን ሲሠሩ ሠራተኞቹ ሁለቱ ግማሾች ሳይገጠሙ ሽቦውንና ቱቦውን ዘርግተው ይጨርሱ ነበር፣ ይሄ ብልሃት በጣም ነው የወደድኩት፤ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እጁን ሰዶ የሚሠቃይ ሰው የለም ማለት ነው።

ሁለገብነቷም እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጭነቱን ቅርፊቱ ራሱ ስለሚሸከም ሆዷ ባዶ ነው፦ ቦምብ አስገባ፣ ካሜራ አስገባ፣ ወይ ከፓይለቱ ወለል ሥር አራት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ደርድር። አፍንጫዋ ላይ ራዳር ሲገጠም የሌሊት ተዋጊ ሆነች። በመጨረሻ ከ7,700 በላይ ተሠርተዋል፣ ሳቂዎቹ ምን እንዳሉ እንጃ።

ሙከራው ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በፍጥነት ስትበር ጭራዋ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የሞተሩን ቤት ከክንፉ ጀርባ አስረዘሙት። ፌብሩዋሪ 1941 ቦስኮምብ ዳውን የሚባለው የሙከራ አውሮፕላን ሜዳ ላይ የጭራ ጎማዋ ወጣ ገባ መሬት ላይ ተይዞ ገላዋ ተሰነጠቀ፣ ለሌላ የሙከራ አውሮፕላን የተዘጋጀ ገላ ተገጠመላት። እኔ አጭሩን የሞተር ቤት ነው የምሠራው፣ የመጀመሪያውን ቀን መልኳን ስለፈለግሁ።

የቀኙን ግማሽ ቅዳሜ እጀምራለሁ። እስከዚያ የማያብለጨልጭ ቢጫ ስፕሬይ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ።